የጃዝ ሸክላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጃዝ የሚወዱ ሰዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል። "ይሄ ፒያኖ የማን ነው?" ይላል አንዱ። ሌላው ስም ይጠራል። ሦስተኛው "በፍጹም!" ይላል። ከዚያ ሸክላው ይነሳል፣ ሽፋኑ ይገለበጣል፣ ጀርባው ይነበባል። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ እሁዶችን ያሳለፍኩት እንዲህ ነው። አዲስ ሰው በተቀላቀለን ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች ግን ብዙም አይለያዩም። ስለዚህ መልሶቹን እዚህ ጻፍኳቸው። ለማመሳከር እንዲቀል ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሸክላ ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። የድሮው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ ሼላክ ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ከባድ ነው፤ ከእጅ ካመለጠ እንደ ድስት ይሰበራል። በአንድ ገጽ የሚይዘውም ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። የድሮ ጃዝ ዘፈኖች አጫጭር የሆኑት ሙዚቀኞቹ ሐሳብ አጥሯቸው አይደለም። ቦታ ስለሌለ ነው። ክለብ ውስጥ ሩብ ሰዓት የሚጫወቱትን ስቱዲዮ ገብተው በሦስት ደቂቃ ይጨርሱታል።

በ1948 ኮሎምቢያ ኩባንያ ረጅሙን፣ 33 የምንለውን ሸክላ አመጣ። በአንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ይይዛል። በዓመቱ አርሲኤ ቪክተር ትንሿን ባለ 45 አወጣ። የእኛ አገር የስድሳዎቹና የሰባዎቹ ዘፈኖች በብዛት የወጡት በዚህች በትንሿ ነው።

የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ የትኛው ነው?

በ1917 የወጣው የኦሪጂናል ዲክሲላንድ ጃስ ባንድ ሸክላ ነው። አዎ፣ "ጃስ" ነው የተጻፈው፤ አጻጻፉ ገና አልረጋም ነበር። የተቀዳው ኒው ዮርክ ውስጥ በየካቲት ወር ነው። አሳታሚው ቪክተር ነበር።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ተጫዋቾቹ ከኒው ኦርሊንስ የመጡ ነጮች ናቸው። ሙዚቃውን የፈጠሩት ጥቁር ሙዚቀኞች በሸክላ መሰማት የጀመሩት ከእነሱ በኋላ ነው። "የመጀመሪያው ሸክላ" እና "የመጀመሪያው ጃዝ" የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ለይቶ ሳያስረዱ መልሱን ብቻ መንገር ልክ አይመስለኝም።

ጀማሪ ነኝ። በየትኛው ልጀምር?

በትራምፔት ተጫዋቹ በማይልስ ዴቪስ "ካይንድ ኦፍ ብሉ"። ሁሉም ሰው ይህን እንደሚል አውቃለሁ። ሁሉም የሚለው እውነት ስለሆነ ነው። በ1959 በሁለት ቀን ብቻ፣ መጋቢት 2 እና ሚያዝያ 22፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ተቀዳ። ጆን ኮልትሬን እና ካኖንቦል አደርሊ ሳክስፎን፣ ቢል ኤቫንስ ፒያኖ፣ ፖል ቻምበርስ ቤዝ፣ ጂሚ ኮብ ድራም። አንድ ዘፈን ላይ ብቻ፣ "ፍሬዲ ፍሪሎደር" ላይ፣ ፒያኖው የዊንተን ኬሊ ነው። መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት "ይሄ ፒያኖ የማን ነው?" ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ስሙ። ኬሊ ብሉዙን እየሳቀ ይጫወተዋል። ኤቫንስ ዝምታ ይወዳል።

መጀመሪያ ስትሰሙት "ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወራው?" ብትሉ አትደንግጡ። እኔም ብያለሁ። ማታ ማታ ለአንድ ሳምንት ደጋግሙት።

የ"ካይንድ ኦፍ ብሉ" ፍጥነት ተሳስቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ይህን ታሪክ ስናገር አሁንም ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ዋናው የቴፕ ማሽን ትንሽ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ቴፑ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ታዲያ ሙዚቃው በጥቂቱ ፈጠነ፣ ድምፁም ከፍ አለ። በዚያ ቀን የተቀዱት ሦስቱ ዘፈኖች የመጀመሪያውን ገጽ የያዙት ናቸው። ስለዚህ አንደኛው ገጽ ከፍ ያለ፣ ሁለተኛው ገጽ ትክክል ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ ተሸጠ። የተስተካከለው በ1992 ነው፤ በሌላ ማሽን የተቀዳው መጠባበቂያ ቴፕ ትክክለኛ ፍጥነት ነበረው።

ከሸክላው ጋር አብሮ ለመጫወት የሞከሩ ሙዚቀኞችን አስቧቸው። መሣሪያቸውን በትክክል ቃኝተው ይቀመጣሉ፤ ከሸክላው ጋር ግን አይገጥምላቸውም። ጥፋቱን ከራሳቸው ጆሮ የፈለጉ ስንቶች ይሆኑ!

የመጀመሪያው ህትመት ላይ ሌላም ስህተት አለ። በሁለተኛው ገጽ መሃል ባለው ክብ ወረቀት ላይ የሁለቱ ዘፈኖች ስም ተገለባብጧል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ የአደርሊ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን ህትመት ሲፈልጉ እነዚህን ነው የሚያዩት።

ሸክላ ላይ "ቀጥታ ከመድረክ" ሲባል ሁልጊዜ እውነት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ትልቁ ምሳሌ የትልቅ ባንድ መሪው የዱክ ኤሊንግተን የ1956 የኒውፖርት (አሜሪካ) ኮንሰርት ነው። ያኔ የትልልቅ ባንዶች ዘመን አልፏል ይባል ነበር። ሐምሌ 7 ሌሊት ላይ ኤሊንግተን በ1937 የጻፈውን አንድ ሥራ አነሳ። መሃል ላይ ቴነር ሳክስፎን የሚጫወተው ፖል ጎንሳልቬስ ብቻውን ወጣ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት፣ አሥር እያለ 27 ዙር ተጫወተ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ ጨፈረ። ኤሊንግተን በሚቀጥለው ወር "ታይም" መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ችግሩ ጎንሳልቬስ የቆመው በተሳሳተ ማይክሮፎን ፊት ነበር። ሸክላውን የሚቀዳው የኮሎምቢያ ኩባንያ ማይክ ሌላ ነው፤ እሱ የነፋው በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ማይክ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት በወጣው ሸክላ ላይ ያ ታላቅ ሶሎ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ከሌላው ሙዚቃም የተወሰነው ብዙም ሳይቆይ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀድቶ፣ ጭብጨባ ተጨምሮበት ነው የወጣው። የሬዲዮው ቴፕ ከብዙ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። በ1999 ሁለቱን አዋህደው አወጡት። አሁን ጎንሳልቬስ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል።

ተቀድቶ የጠፋ ጃዝ አሁንም ይገኛል?

ይገኛል። ፒያኖ ተጫዋቹ ቴሎኒየስ መንክ ከኮልትሬን ጋር በ1957 በካርኔጊ አዳራሽ የተጫወተው በ2005 ነው የተገኘው፤ እሱም እዚያው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ እሱም የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ቴፕ። ኮልትሬን በመጋቢት 1963 የቀዳው አንድ ሙሉ አልበም ደግሞ በ2018 ወጣ። 55 ዓመት ተቀምጦ ማለት ነው።

የብሉ ኖት (የአሜሪካ ጃዝ አሳታሚ ነው) ሸክላ የመጀመሪያ ህትመት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ እስከ ወረቀቱ ድረስ ያለውን ባዶ ቦታ መብራት ላይ አዘንብላችሁ እዩ። የቀረጻ ባለሙያው የሩዲ ቫን ጌልደር ምልክት ይኖራል። ከዚህ ሌላ ጆሮ የምትመስል ትንሽ ምልክት ፈልጉ። እሷ ሸክላውን ያተመው የፕላስቲላይት ፋብሪካ ምልክት ናት። ብሉ ኖት በስድሳዎቹ አጋማሽ ከተሸጠ በኋላ ቀርታለች። ወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻም ዘመኑን ይናገራል።

ቫን ጌልደር እስከ 1959 ድረስ የሚቀዳው ኒው ጀርሲ ውስጥ በወላጆቹ ሳሎን ነበር። ከእነዚያ ታላላቅ ሸክላዎች ብዙዎቹ የሰው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የተወለዱት።

ኢትዮ ጃዝን የጀመረው ማን ነው?

ሙላቱ አስታጥቄ። ስሙንም ሙዚቃውንም የሰጠው እሱ ነው። ነገር ግን ሙላቱ ባዶ ሜዳ ላይ አልመጣም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 አርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አመጡ፤ "አርባ ልጆች" የሚባሉት ናቸው። የነሐስ ባንድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ ባንድ እያቀናበረ አንድ ትውልድ ሙዚቀኛ አስተማረ። ስለ ሙላቱ ስናወራ ነርሲስን ብንዘልል ያሳዝነኛል።

ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወለደ። ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሙዚቃ ያዘው። ለንደን ተማረ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገባ፣ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆኖ። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት የአፍሮ ላቲን አልበሞች አወጣ። እነዚህን ስትሰሙ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ኮንጋው ይበዛል። በ1972 የወጣው "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" ላይ ደረሰ።

ምን አደረገ? የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም፣ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። የጃዝ ስምምነት (ሃርመኒ፣ አንድ ላይ የሚሰሙት ድምፆች) ደግሞ በ12ቱም ድምፆች ይሄዳል። ሁለቱን ዝም ብሎ ብትደርቡ ቅኝቱ ይጠፋል፤ ትዝታው ትዝታ አይመስልም። ሙላቱ ዜማው ሳይታመም ከስሩ የጃዝ ስምምነት የሚያስገባበትን መንገድ አገኘ። "የከርሞ ሰው"ን ስሙት። ብዙ የጃዝ ሰው መግቢያውን ሲሰማ የሆራስ ሲልቨርን "ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር" ያስታውሳል። ዝምድናው ይሰማኛል። ዜማው ሲገባ ግን ሌላ አገር ነው፤ ቤታችሁ ገብታችኋል።

ከአገር ውጭ ሰው የሰማው በፊልም ነው የሚባለውስ?

በከፊል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ "ኢትዮፒክስ" የሚለውን ተከታታይ አወጣ። አራተኛው የሙላቱ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ በ2005 "ብሮከን ፍላወርስ" ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃውን ሲያስገባ ደጋፊው በረከተ።

የእኛ አገር ሸክላዎች ለምን እንዲህ ተወደዱ?

ጥቂት ስለሆኑ ነው። ጥቂት የሆኑበትን ምክንያት ደግሞ ማወቅ ይገባል።

ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም በንጉሡ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበር። የስድሳዎቹ ወጣት ባንዶች ክለቡን ያናውጡት ነበር፤ ሙዚቃቸውን የሚያሳትም ግን አልነበረም። አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት በ1969 ተነሳና አዋጁን ሳይፈራ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። የሚታተመው ውጭ አገር ነው፤ መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን የሚሆኑ ትልልቆች አወጣ። ሌሎችም ተከተሉ፤ ፊሊፕስም ነበር፣ ካይፋም ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የክለብ ሕይወት ሞተ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴት ደግሞ ሸክላን ተካው። በ1978 ገደማ የሸክላ ዘመን አበቃ። በአጠቃላይ የወጡት 500 የማይሞሉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 የሚሆኑ ትልልቆች ናቸው። ያ ሁሉ የምንወደው ሙዚቃ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ይህችኑ ታህል ነው። አምሃ በ2021 አረፈ። ያን ጊዜ ባይደፍር ኖሮ ዛሬ ምን እንሰማ ነበር?

ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቷል?

መጥቷል፣ በ1973 መጨረሻ፣ ከነባንዱ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሸለሙት። ሙላቱም አብሮት ሠርቷል። ኤሊንግተን በግንቦት 1974 አረፈ። ንጉሡ በዚያው ዓመት መስከረም ከዙፋን ወረዱ። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ሳይ ሁልጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል።

ጌታቸው መኩሪያ ፍሪ ጃዝ ነው የተጫወተው?

ባዕድ ሰሚ እንዲያ ይላል፣ ከፍሪ ጃዝ፣ ማለትም ከተለመደው የዜማና የምት ሕግ ከወጣው ጃዝ፣ ጋር ስለሚመሳሰል። ያ የሚጮኸው፣ የሚንቀጠቀጠው ሳክስፎን የኦርኔት ኮልማንን ወይም የአልበርት አይለርን ያስታውሳል። ጌታቸው ግን ከእነሱ አልቀዳም። እሱ የነፋው ሽለላ ነው። ጀግና ወደ ጦርነት ሲሄድ የሚያሰማውን ፉከራ በሳክስፎን አሰማው፤ የጀመረውም የፍሪ ጃዝ ሸክላዎች ከመውጣታቸው በፊት ነው። የኛ ሰው "ኧረ ጎራው!" እያለ የሚሰማው ለዚህ ነው። በ2006 ከሆላንዱ "ዘ ኤክስ" ባንድ ጋር "ሞአ አንበሳ"ን ሠራ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ከሮክ ጊታር ጋር ሲፋለም መስማት ያኮራል። በ2016 አረፈ።

ኃይሉ መርጊያ በእርግጥ ታክሲ ነጂ ነበር?

ነበር። ኃይሉ ኪቦርድ የሚጫወትበት ዋሊያስ ባንድ አዲስ አበባ ሒልተን ይሠራ ነበር፤ በ1977 "ቼ በለው"ን አወጡ። "ሙዚቃዊ ስልት" ያለው እዚያ ነው፤ የግርማ በየነ ሥራ ነው። በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዱ፣ ኃይሉ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይጭንና ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር ውስጥ የ1985 ካሴቱን አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 "ላላ በሉ" የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ዋሽንግተን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ምናልባት ከኤርፖርት ያደረሳችሁ እሱ ይሆናል።

እማሆይ ጽጌማርያምስ ጃዝ ናቸው?

አይደሉም። ፒያኖ ተጫዋች መነኩሲት ነበሩ። ከጃዝ ጋር የሚደረደሩት "ኢትዮፒክስ" ሃያ አንደኛ ላይ ስላሉ ነው። ክላሲክ ተምረዋል፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ያውቃሉ፤ የራሳቸው ነገር ነው። በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም አረፉ። ጃዝ ባይሆኑም እኛ ዘንድ ሸክላቸው ሳይከፈት የሚያልፍ እሁድ የለም።

ኦሪጂናሉን ልግዛ ወይስ እንደገና የታተመውን?

ለመስማት ከሆነ እንደገና የታተመውን። ኦሪጂናሎቹ የእኛ ሸክላዎች በየምሽት ግብዣው የተሰሙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ተጭረዋል። ግን ማን እንዳሳተመው እዩ። ሕጋዊ አሳታሚ ስሙን፣ ፈቃድ የሰጠውን ባለ መብትና የቀረጻውን ምንጭ ይጽፋል። ምንም ያልተጻፈበት፣ ሽፋኑ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ የሚመስለው ካጋጠማችሁ ተዉት። ለሙዚቀኛው አንድ ሳንቲም አይደርሰውም። እኔ አንድ ጊዜ "ኦሪጂናል ነው" ተብዬ ብዙ ከፍዬ፣ ቤት ስደርስ ቅጂ ሆኖ አገኘሁት። ከገንዘቡ በላይ ያናደደኝ በዚያ ብር ሁለት ሕጋዊ አልበም መግዛት እችል የነበረ መሆኑ ነው።

እንዴት ላስቀምጠው?

አቁሙት፣ አትደራርቡት። ከፀሐይ አርቁት፤ መስኮት ሥር ያስቀመጥኩት አንድ ሸክላ በአንድ ከሰዓት እንደ እንጀራ ተጣጥፏል። ጠርዙንና መሃሉን ብቻ ያዙ። ከመጫወቱ በፊት በሸክላ ብሩሽ አቧራውን አንሱ። የድሮውን ባለ 78 በአልኮል በፍጹም አትጥረጉ፣ ሼላኩን ያሟሟዋል። መርፌው ካረጀ ቀይሩ፤ ያረጀ መርፌ ሸክላውን ያርሰዋል።

የእኛ ትንንሽ ሸክላዎች ላይ ማን እንደተጫወተ እንዴት ይታወቃል?

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ብሉ ኖት ሽፋን ጀርባ ላይ ድራሙን የመታው ሳይቀር በስም አለ። የእኛዎቹ ላይ የድምፃዊው ስም በትልቁ ይጻፋል፤ ትራምፔቱን የነፋው፣ ቤዙን የያዘው ብዙ ጊዜ የለም። አንዳንዱን በጆሮ እንለየዋለን። አንዳንዱን በሕይወት ያሉት ነግረውናል። ግን እያረፉ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ በዚያን ዘመን በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ወይም በክለብ ባንድ ውስጥ ከነበሩ ሸክላውን ይዛችሁ ሂዱ። አብራችሁ ስሙት። "ይሄኛው እገሌ ነው" ሲሉ ስሙን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ቀኑንና የነገራችሁን ሰው ስምም ጨምሩበት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋችሁ ሽፋኑ ውስጥ ክተቱት።